የቀይዋ ፊያት አሮጌ ዕቃ

ኮምቦልቻ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለረውዳ አብዱልባሲጥ
ጅቡቲ

ልጄ ረውዳ፣

ሰላምታዬ ይቅደም፤ ቁጣዬ ከኋላ ይከተላል። እኔ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ። ወገቤንም ከመኪና ሥር እያስተኛሁ ያበላሸሁት ራሴ ስለሆንኩ ማንንም አልወቅስበትም።

ደብዳቤሽን የጅቡቲ መስመር ሾፌሩ ኑርሁሴን ከከባድ መኪናው ሳይወርድ በመስኮት አቀበለኝ። አንብቤ ስጨርስ እጄን ታጥቤ እንደገና አነበብኩት፤ ቅባት ነክቶት ፊደል ጠፍቶብኝ እንደሆነ ብዬ። አልጠፋም። “ይስማው የአባቴን መኪና ለሰርግ ያከራያል” ብለሻል። ከአባትሽ ቤት ከሥጋ በቀር ያልበላሁት ነገር የለም፤ የእናቴን ለቅሶ ድንኳን የተከለልኝ አባትሽ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ነው የጠረጠርሽው።

አላከራየሁም። ሪባን አልታሰረባትም፣ ሙሽራም አልተቀመጠባትም። ደሴ ዳር ገራዶ መንገድ ላይ አየናት ላሉሽ ሰዎች ደግሞ፣ ቀይ መኪና በወሎ እሷ ብቻ አይደለችም በያቸው።

ያዘዝሽኝን አልረሳሁም። አባትሽ ባለፈው ግንቦት ገራዶ ላይ የሰው የድንጋይ አጥር በመኪናዋ ጎን ልሶ ሲመለስ፣ “ጋሼ ይስማው፣ አባቴ አርጅቷል። ሐረጎ ገደል ከመግባቱ በፊት መኪናዋን ወስደው ይፍቱልኝ፤ ቢለምንዎትም ቁልፏን አይስጡት” ብለሽ ጻፍሽልኝ። ወሰድኳት። ቁልፏ ኪሴ ውስጥ ነው። ለእሱ “ለቦሩ ሜዳው ውድድር እያሰናዳናት ነው” ይበሉት አልሽኝ፤ አልኩት። የደሴ ልጆች በሚያዝያ ሜዳውን በአሮጌ ጎማ አጥረው መኪና እንደሚያሽቀዳድሙ እሱም ስለሚያውቅ፣ የአንቺን ውሸት እኔ እውነት ማድረግ ግድ ሆነብኝ።

ስለዚህ በላክሽልኝ ዕቃ ሥራው በእውነት እየተሠራ ነው። አራቱንም ሞላዎች በአጫጭርና በጠንካሮች ለውጫለሁ። ብዙ ዝቅ አላደረግኳትም፤ ለውድድር ሜዳ መሬት የምትስም መኪና ትመረጣለች፣ የኮምቦልቻ ጉድጓድ ግን ሆዷን ይቀደዋል። ለመንገድም ለሜዳም ትሁን ካልሽ መሐል ቤት መቆም አለብኝ። የኋላ ወንበሯን ክብደት ለመቀነስ አውጥቼ ጋራዡ ግድግዳ ላይ ሰቅያታለሁ፤ የጎረቤት ዶሮ ከአሁኑ ዓይኗን ጥላባታለች።

እሳት ሰጪዎቹ አዲሶቹ ካንዴላዎች ገብተዋል። አሮጌው ዕቃ ሁሉ ይመለስልኝ ብለሻል፤ የጠንቃቃ ደንበኛ ወግ ነውና አልቆጣም። አራቱን በጨርቅ ጠቅልዬ ለኑርሁሴን ሰጥቼዋለሁ። እንደወጡ ናቸው፣ አላጸዳኋቸውም።

አዎ፣ አባትሽ አሁንም እንዳኮረፈ ነው። መኪናውን የነጠቅሽው አንቺ ነሽ፤ ስልክ ላይ አልመጣ ቢልሽ እኔን ሽማግሌ አታድርጊኝ። በስልክ አልነጋገርም፣ ቃል ይረሳል፣ ጽሑፍ ይወረሳል ስላልሽም ይኸው ጻፍኩልሽ።

ይስማው


ጅቡቲ፣ ኅዳር 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ይስማው
ኮምቦልቻ

እንደምን ሰነበቱ? ወገብዎን አላህ ያሽርልዎ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ወደቡም ሥራውም እንዳለ ነው፣ ሙቀቱም ትንሽ ቀለል ብሎልናል።

የሰርጉን ነገር ትቼዋለሁ። ይቅርታ የምጠይቀው ግን ካንዴላዎቹን ካነበብኩ በኋላ ነው ብዬ ለራሴ ተናግሬ ነበር። አነበብኳቸው። ይቅርታውን ለጊዜው ይዤዋለሁ።

አባቴ ካንዴላ ማንበብ ያስተማረኝ ፊደል በቆጠርኩበት ዓመት እንደሆነ ያውቃሉ። ኮምቦልቻ ላይ የተስተካከለ ሞተር ካንዴላው የተቆላ ገብስ መልክ ይይዛል። ቤንዚኑ በዝቶ አየሩ ሲያንስ ጥላሸት ይለብሳል። አንዱ ብቻ ቢጠቁር የዚያ ፒስተን ሕመም ነው እል ነበር። እነዚህ አራቱም እኩል እንደ ድስት ቂጥ ጠቁረዋል። ጋሼ ይስማው፣ ይቺ መኪና አየር ወደሚሳሳበት ወጥታለች። ከኮምቦልቻ ተነስቶ አየር የሚሳሳው ሐረጎን ሲወጡ ነው፤ ከሐረጎ በላይ ያለው ደሴ ነው፤ ደሴ ያለው አባቴ ነው።

የምጠረጥረውን በግልጽ ልጻፍልዎ። ለምኖዎት፣ እርስዎም ሆድዎ ባብቶ ቁልፉን ሰጥተውታል። በጠራራ ፀሐይ የሰው አጥር አላየሁም ያለ ሽማግሌ፣ ሐረጎ ላይ በጉም ገደሉን ያየዋል? አንድ ነገር ቢሆን በሕይወቴ ከእርስዎ ጋር አልታረቅም። ይህን የምለው እየወደድኩዎት ነው።

እማን ብጠይቃት “አባትሽ መስጊድ ነው” ትለኛለች። ሌላ ቀን “ተኝቷል”። በቪዲዮ አሳዪኝ ስላት የስልኩ ካሜራ ተበላሽቷል። እማ መኪናዋን “ጣውንቴ” እያለች ስትረግማት ነው ያደግኩት፤ “ለእኔ ቀሚስ ሳይገዛ ለእሷ ጎማ የሚገዛ” ትል ነበር። መኪናዋ ደሴ ብትታይ መጀመሪያ ደውላ የምታማርርልኝ እሷ ነበረች። እሷም ዝም ብላለች። የፈራሁት ሁላችሁም አንድ ላይ ዝም ስትሉ ነው።

በኑርሁሴን እጅ አዲስ የፍሬን ሸራ ልኬያለሁ። አሮጌዎቹን ይመልሱልኝ፤ እንደወጡ፣ ሳይጠረጉ።

ረውዳ


ኮምቦልቻ፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ረውዳ፣

ደህና ነሽ ወይ? እዚህ ብርዱ ብረት ያስነክሳል። ቤንዚን ጠፍቶ ማደያው በር ላይ ሰልፉ እንደ እባብ ተጠምዟል። የሐረጎን ቁልቁለት ሚኒባሶቹ ነዳጅ ለመቆጠብ ሞተር አጥፍተው፣ ማርሽ ፈትተው በፎሌ ይንሸራተቱታል፤ እኔ እንኳ ከመንገድ ዳር ቆሜ ሳያቸው አማትባለሁ።

ስለ ቁልፉ ለጠየቅሽኝ፦ አባትሽ ከገራዶው ቀን ወዲህ የዚያችን መኪና መሪ አልጨበጠም። በማርያም እምላለሁ። ታውቂኛለሽ፣ በማርያም ምዬ አልዋሽም፤ ልዋሽ ስል አልምልም።

ስለ ጥላሸቱ፣ ካርቡራቶሩ አርጅቶ ቤንዚን ያበዛ ይሆናል። “ይሆናል” ነው ያልኩት፤ ቃሌን ልብ በይው።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ። ከዚያ ወገን ብታገኚ ለካርቡራቶሩ ቀጠን ያለ የቤንዚን ማሳለፊያ ላኪልኝ፤ ቦሩ ሜዳ ደጋ ነውና እንዳለ ብትወጣ በራሷ ጭስ ትታነቃለች። ሁለት የውድድር ቀበቶም እፈልጋለሁ፣ በትከሻና በትከሻ የሚታሰረውን። ሁለት ነው፣ አልተሳሳትኩም። የጎን ወንበሩን ያውጡት ብለሽኝ ነበር፤ አላወጣውም። ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ። ብትገለበጥ የሚሸከማት የብረት ቱቦ ጣሪያው ሥር በየድኩላት፤ እሱንም ከሁለቱም ወንበር በላይ አሳልፌዋለሁ።

የፍሬን ሸራዎቹ ደርሰው ገብተዋል። አሮጌዎቹን እነሆ። አብሮ የሦስቱን ፔዳል አሮጌ ጎማ ታገኛለሽ፤ ፔዳሎቹን በእንጨት ከፍ አድርጌ አዲስ ጎማ ስላለበስኳቸው እነዚህ ትርፍ ሆኑ። ሁሉንም እንዳለ ነው የላኩልሽ።

ይስማው


ጅቡቲ፣ ጥር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ይስማው

እንኳን ለገና፣ ለጥምቀቱም አደረሰዎ። መልካም ዜና ይዤ ብጽፍልዎ ደስ ባለኝ ነበር።

መሐላዎን አምኛለሁ። ያሳመነኝ ግን ማርያም አይደለችም፤ ሸራዎቹ ናቸው። ገና ግማሽ ዕድሜያቸውን እንኳ አልጨረሱም፤ ፊታቸው ግን ተቃጥሎ እንደ መስታወት ያብለጨልጫል፣ ጠርዛቸው ተሰነጣጥቋል። ጥቅሉን ስፈታው የቢሮው ሰው ሁሉ አፍንጫውን ያዘ። ይህ ሐረጎን ከላይ እስከ ታች ፍሬን ላይ ቆሞ የሚወርድ ሰው ሥራ ነው። ወይ የሚፈራ፣ ወይ ያልለመደ። አባቴ ሐረጎን ሲወርድ የኋላ የፍሬን መብራቱ አይበራም ይባልለት የነበረ ሰው ነው፤ እንኳን በሰባ ዓመቱ፣ ሞቶ ቢነሳ ሸራ አያቃጥልም።

ፔዳሉን በእንጨት ከፍ አደረግኩት ብለውኛል። አባቴ ጉልበቱ መሪ እየነካበት ወንበሩን እስከ መጨረሻ ወደኋላ ገፍቶ የሚነዳ ረጅም ሰው ነው። እንጨቱ ለእሱ አይደለም። እንግዲህ የአባቴን መኪና አንድ አጭር ሰው፣ መንዳት ያልቻለ፣ ሌላ ሰው ጎኑ አስቀምጦ ደሴና ኮምቦልቻ ያመላልሳታል። አባቴ በሕይወቱ ያቺን መሪ ለማንም አሳልፎ አልሰጠም። ለእኔ እንኳ የሰጠኝ ሁለት ጊዜ ነው።

ታዲያ አባቴ ይህን ሁሉ ዝም ብሎ የሚያየው የት ቁጭ ብሎ ነው?

ከእኔ ጋር የምትኖር ሰርክአዲስ የምትባል የኮምቦልቻ ልጅ አለች። እናቷን ስልክ ላይ ስትጠይቅ “ጸበል ሄደች” ይሏት ነበር፤ ሌላ ጊዜ “ድምጿ ተዘግቷል”። ለካ ሴትዮዋ ከተቀበረች ከርማለች። የአገራችንን ሰው አውቀዋለሁ፤ መርዶ የሚያስረዳ እስኪገኝ ሬሳ በስልክ “ተኝቷል” ይባላል። ያን ጊዜ ስሰማ በሰርክአዲስ ዘመዶች ተናድጄ ነበር። አሁን ሌሊት እየነቃሁ የእማንና የእርስዎን ቃል እደጋግማለሁ፤ መስጊድ ነው፣ ተኝቷል፣ አኩርፏል።

ቀበቶዎቹንና ማሳለፊያውን ልኬያለሁ። ለማን እንደሚታሰሩ አላውቅም። ካልጻፉልኝ ፈቃድ ጠይቄ እመጣለሁ።

ረውዳ


ኮምቦልቻ፣ የካቲት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ረውዳ፣

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ዕቃውም ደርሷል።

ማሳለፊያው ልክ ገባ። ቀበቶዎቹ ታስረዋል። የፍሬን ዘይቱን ግለት በሚችል ለውጫለሁ፤ የፊት ጎማዎቹን ፍሬን የሚያቀዘቅዝ አየር እንዲገባ ከፊት ላሜራውን ሁለት ቦታ በስቻለሁ። የጭስ ማውጫ ማርሚታዋ ለውድድር ክፍት ሆኖ ለመንገድ የሚዘጋ ክዳን ተሠርቶለታል፤ ደሴ ላይ ሕፃን እንዳትቀሰቅስ።

አሁን አትምጪ። አብሽሪ፣ አይዞሽ።

ስለ መኪናዋ የጠየቅሽኝን ሁሉ እመልሳለሁ። ለሌላው ጥያቄሽ አፌ ታስሯል፤ ያሰረው ሰው ካልፈታው እኔ አልፈታውም። የላክሁልሽን ዕቃ እንደገና እዪው። ከዚህ በላይ አትጠይቂኝ።

ይስማው


ጅቡቲ፣ መጋቢት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ ይስማው፣

ሰላምታዬን ከይቅርታ ጋር ይቀበሉኝ፤ ዛሬ ወግ የለኝም።

“ትንሽ አሞታል፣ ነይ” ብለው ቢጽፉልኝ ሞቷል ብዬ እረዳ ነበር፤ ያ የታወቀ ነው። “አትምጪ” ሲሉኝ ግን ምን ልረዳ? ተቀብሯል፣ ብትመጪም አትደርሺ ማለት ነው? ቀልድ የለመደ ሰው በድንገት ቀልዱን ሲተው ከመርዶ ይከፋል። ያንን ደብዳቤ ካነበብኩ ወዲህ ምግብ እንደ አፈር ሆኖብኛል፤ ጾሙን የምፈታው በውኃ ነው።

ረመዳን ነው፤ እማ በጾሟ አትዋሽም ብዬ ትናንት ደወልኩላት። “አባ አለ ወይ?” አልኳት። “አለ” አለችኝ። “እሺ አቅርቢልኝ” ስላት ስልኩን ዘጋችው።

ስለዚህ አንድ ነገር አደራ እላለሁ፤ ከዚህ በኋላ አላስቸግርዎትም። አባቴን ይህን ይጠይቁልኝ፦ መጀመሪያ ሐረጎን በራሴ እጅ ያወረድኳት ቀን፣ ታች ደርሰን ስንቆም ምን አለኝ? መኪናዋ ውስጥ ከሁለታችን በቀር ማንም አልነበረም፣ እኔም ለማንም ተናግሬው አላውቅም። መልሱን ይጻፉልኝ። በሕይወት ካለ ያስታውሰዋል። መልሱ ካልመጣ፣ ወይም ሌላ መልስ ከመጣ፣ እዚሁ ለቅሶዬን እቀመጣለሁ።

ረውዳ


ኮምቦልቻ፣ መጋቢት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ረውዳ፣ እንኳን ለዒዱ አደረሰሽ፣

ደብዳቤሽን ለአባትሽ አነበብኩለት።

“ለምን አነበቡለት? ራሱ አያነብም ወይ?” እንደምትዪ አውቃለሁ። እዚያው ላይ ቁሚ። የተደበቀብሽ ነገር እሱ ነው።

አባትሽ አለ። ይበላል፣ ይቆጣል፣ የእኔን ብየዳ በጣቱ እየዳሰሰ ይነቅፋል። ዓይኑ ግን የለም። ያን የገራዶ አጥር ያስላሰው እርጅና አልነበረም፤ በዚያ በኩል ያለው ዓይኑ ቀድሞ ጨልሞበት ነበር፣ ለማንም ሳይናገር። ደሴም ታየ፣ አዲስ አበባም ታየ። የዓይን ግፊት ነው፣ ቆይቷል፣ የጠፋው አይመለስም አሉት። በሰኔ ሁለተኛውም ተከተለ።

ያን ጊዜ ጠርቶ ቁርአን አስይዞ ሊያስምለኝ ተነሳ። ክርስቲያን መሆኔ ትዝ ሲለው በማርያም አስማለኝ። “ለረውዳ አትናገርም፣ አትጽፍም። ከሰማች ሥራዋን ጥላ ትመጣለች፤ እጄን ይዛ መስጊድ ስታደርሰኝ ዕድሜዋ ያልቃል” አለ። ኩርፊያው የውሸት ነው። ስልክ ላይ የማይመጣው ድምፄን ከሰማች ታውቃለች ብሎ ነው። እናትሽንም እንደኔው አስማላት።

እኔ አልናገርም፣ አልጽፍም ብዬ ማልኩ። አሮጌ ዕቃ አልልክም ብዬ ግን አልማልኩም። ካንዴላውን በቤንዚን ጠርጎ መላክ አያቅተኝም ነበር። ሸራውን ጥዬ “ጠፋ” ብልሽ ማን ያየኛል? የማን ልጅ እንደሆንሽ ስለማውቅ እንደወጣ ላኩልሽ። አንቺ ደግሞ አነበብሽና ሰውየውን ገደልሽው። ያን አላሰብኩም ነበር፤ ለዚያ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

የሚቀረውን ልንገርሽ። ዓይኑ ከጠፋ በኋላ አባትሽ ወደ ግድግዳ ዞሮ ተኛ። የሚቀርብለትን አይበላም፣ ሰው ሲመጣ ተኝቷል በሉት ይላል። አንድ ጠዋት እናትሽ በሚኒባስ ወርዳ ጋራዤ በር ላይ ቆመች። “ጣውንቴን ስጠኝ” አለችኝ። ልታቃጥላት መስሎኝ ነበር። “አርባ ዓመት በጎን ወንበር ተቀምጬ ሰድቤያታለሁ። አሁን እሱ በጎን ይቀመጥ፣ እኔ ልንዳት” አለች። ክረምቱን በጋራዡ ግቢ አስተማርኳት፤ አንዴ በሬን፣ አንዴ በርሜሌን ገጭታብኛለች። ፈተናውን አንዴ ወድቃ በመስከረም መንጃ ፈቃዷን አወጣች። አጭሯን እናትሽን እንዴት እንዳልጠረጠርሽ እስካሁን ይገርመኛል። ገራዶ ላይ ያዩዋትም እሷን ነው፤ አጥሩን የላሱበትን ሰውዬ ይቅርታ ሊጠይቁ ሄደው።

እሱ ጎኗ ተቀምጦ በጆሮው ያስነዳታል። ሞተሩን ይሰማና “አሁን ሦስት፣ አሁን ሁለት” ይላታል። ቁልቁለቱን ግን እስከ ጥር ድረስ ፍሬን ላይ ቆማ ነበር የምትወርደው። ሽታው ሲመጣ “ከድጃ፣ ሸራ እየጠበስሽ ነው” ይላታል። “አንተ ደግሞ ዓይንህ ሄዶ አፍንጫህ በዛ” ትለዋለች። እኔ ከኋላ በሚኒባስ እየተከተልኩ ጸሎቴን አደርሳለሁ።

ጥያቄሽን ሳነብለት መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ አለቀሰ። መልሱ ይኸውልሽ፤ እሱ እንዳለው ነው፦ “ፍሬን ለመቆሚያ ነው፤ ለመውረጃ ማርሽ አለሽ። አሁን እጅሽን ጥረጊ፣ ለእናትሽ አትንገሪ፤ መንጃ ፈቃድ የለሽም።” ቀጥሎ “ለቅሶ ልትቀመጥ ነው? በል ጻፍላት፣ ፈትቼሃለሁ” አለኝ።

በሚያዝያ ቦሩ ሜዳ ሊወጡ ነው፣ ሁለቱም፣ ቀበቶ ታስረው። የአሮጌ መኪኖች ተራ ላይ ተመዝግበዋል። ሜዳውን እሱ በቃሉ ያውቀዋል፤ በወጣትነቱ የነዳበት ነው። ቁልፉ ግን በአንቺ ትእዛዝ እኔ ዘንድ ነው፤ እናትሽም ነድታ ስትጨርስ ትመልስልኛለች። ይቅር ካልሽ ማታውኑ ሞተሩን እፈታዋለሁ። እኔ የማውቀውን ሠርቻለሁ፤ ፍሬኗ ይይዛል፣ ቱቦው ይሸከማል። ስለ ሰዎቹ ግን ዋስ አልሆንም።

ይስማው


ጅቡቲ፣ ግንቦት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተወደዱ ጋሼ ይስማው
ኮምቦልቻ

አሰላሙ ዐለይኩም ብዬ ልጀምር፤ እርስዎም ወግዎን ያውቁታል፣ ይመልሱልኛል።

መልስ ሳልሰጥዎት ሚያዝያ አለፈ። “ይቅር” ብዬ አንድ ደብዳቤ ጽፌ ነበር። ኑርሁሴን ሊወስደው ቢመጣ እጄ አልዘረጋ አለኝ። “ይሂዱ” ብዬም ጻፍኩ፤ እሱንም መስጠት አቃተኝ። ባዶ እጁን ተመለሰ። ዝምታዬን እንደ ፈቃድ እንደቆጠራችሁት ገመትኩ፤ እናንተ ዝምታ መተርጎም ታውቁበታላችሁ።

ተናድጄባችኋለሁ። ይህ እንዲያልፍ አልፈልግም። ስንት ወር ሙሉ አባቴን በሐሳቤ ስቀብር፣ እናንተ ሦስታችሁ ሸራ ስታቃጥሉ ከረማችሁ። አባ በእኔ ዕድሜ ላይ ሳይጠይቀኝ ወሰነ። እማ በጾሟ ስልክ ዘጋችብኝ። እርስዎን ግን ለሰርግ አከራየ ብዬ ስለጠረጠርኩዎት፣ ያን የያዝኩትን ይቅርታ ዛሬ ልስጥዎት። ይቅር ይበሉኝ።

ባለፈው ሳምንት ኑርሁሴን ጥቅልዎን አመጣልኝ። ደብዳቤ አልነበረበትም፤ የፍሬን ሸራዎች ብቻ። ምን ሆነው ይሆን ብዬ ለመፍታት ፈርቼ፣ ሰርክአዲስ ከሥራ እስክትመለስ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ጠበቅኋት።

በዚያው ምሽት ስልኬ ጠራ። የእማ ቁጥር ነው። ድምፁ ግን የእሷ አልነበረም።

“ረውዳ፣” አለኝ አባ። ስለ ዓይኑ አላነሳም፣ ስለ ኩርፊያውም አላነሳም። ቦሩ ሜዳ ላይ ከመጨረሻ ሁለተኛ መውጣታቸውን ነገረኝ፤ የመጨረሻው መኪናም ተበላሽቶ የቆመ ነው አለኝ። ከኋላው እማ “ዋሽቷል፣ እየሄደ ነበር” ስትል ሰማኋት። ከዚያ ድምፁን ቀነሰና “ሸራዎቹ ደረሱሽ?” አለኝ።

“ደርሰውኛል።”

“በይ እዪልኝ። ሜዳውንም ሐረጎንም ያዩ ናቸው። እናትሽ ‘ደህና ናቸው’ ትለኛለች፤ አላምናትም። ይስማውም ‘ደህና ናቸው’ ይላል፤ እሱማ ምን ከፍላው እንደሆነ እንጃ። እኔ በጣቴ ዳስሻለሁ፤ መልኩን ግን ጣት አያውቅም። አንቺ አትዋሺኝም።”

ጥቅሉን ፈታሁት። መብራቱ ሥር አንድ በአንድ ገለበጥኳቸው፣ አሸተትኳቸውም። አመድማ ናቸው፤ ከዳር እስከ ዳር እኩል ተበልተዋል። አንዱም አያብለጨልጭም፣ አንዱም አልተሰነጠቀም። ያየሁትን ሁሉ ነገርኩት። አንዱ ከሌሎቹ ጥቂት መሳሳቱንም አልደበቅኩትም።

“በማርሽ ወርዳለች ማለት ነው” አለ።

“በማርሽ ወርዳለች፣ አባ።”

“ከድጃ!” ብሎ ተጣራ፤ ስልኩን እኔ ላይ እንደያዘ ረስቶት። “ልጅቱ አየቻቸው። ደህና ናቸው አለች።” እማ ምን እንዳለችው አልሰማሁም፤ ሁለቱም ሲስቁ ግን ሰማሁ።

ጋሼ ይስማው፣ ለአረፋ እመጣለሁ። ሥራዬን ጥዬ አይደለም፤ ለአባ ይንገሩልኝ፣ የዓመት ፈቃዴን ነው የምወስደው፣ የማንንም እጅ ይዤ አልቀርም። ከኮምቦልቻ ደሴ በሚኒባስ አልወጣም ግን። ያቺን የኋላ ወንበር ከግድግዳው ያውርዱልኝ፣ ዶሮም ከያዘቻት ያስለቅቁልኝ። ለውድድር ክብደት ትጨምራለች እንዳይሉኝ፤ ሐረጎን ስንወጣ ከኋላቸው መቀመጥ እፈልጋለሁ።

ልጅዎ ረውዳ